ነገሩኝ

ጥር 24

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሰው ላይ ከምጮህ ወረቀት ላይ ልጩህ ብዬ ነው። ሐኪሙ «ደም ግፊትዎ ጣሪያ ነክቷል፣ ንዴት ይቀንሱ» አለኝ። ሞያሌ ላይ፣ በዚህ ድርቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ፣ በሦስት ቋንቋ የሰው አቤቱታ እየጻፍኩ ንዴት ይቀንሱ! እሱ እዚህ ወንበር ላይ አንድ ቀን ይቀመጥና እንተያያለን። ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እጮሃለሁ። ልጄ ሻሮን አማርኛ ታወራለች እንጂ ፊደል አትለይም፤ ተወልዳ የተማረችው እዚሁ ኬንያ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ቢውልም የተቆለፈ ነው።

የዛሬው ንዴቴ ሀልካኖ ነው፤ የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ቼርማን። ባለፈው ሳምንት የኛን ውሃ የጫነው ቦቴ ለሌላ ሰፈር አራግፎ ሄደና ሦስት ቀን ደርቀን ከረምን። ዛሬ ማስታወቂያ ጻፊልኝ ብሎ መጣ።

«በፕሮግራሙ ላይ ስህተት ተፈጥሯል፣ በይ።»

«ማን ፈጠረው?» አልኩት።

«ተፈጥሯል ነው የምልሽ፣ ማማ ሻሮን። ዝም ብለሽ ጻፊ እንጂ!»

ተፈጥሯል! ስህተት እንደ እንጉዳይ መሬት ሰንጥቆ የሚበቅል ይመስል። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የተበደለ፣ የተቀማ፣ የተረሳ፣ የተገፋ ሁሉ እኔ ጋ መጥቷል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይህንኑ ጻፊልኝ» ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው የለም። አዳም እንኳ ሲጠየቅ ሴቲቱን ጠቆመ፣ ሴቲቱ እባቡን ጠቆመች። እባቡም የሚጠቁመው ሰው ቢያገኝ አይመለስም ነበር።

ቀኑ እንዲሁ በግርግር አለቀ። አባ ሊበን ከጎልቦ ቆላ መጥተው የልጅ ልጃቸውን የመታወቂያ ማመልከቻ ሲያስጽፉኝ ዋሉ፤ ቢሮው ሳይዘጋ ልድረስ እያሉ በላዬ ላይ ቆመው። መሀል ላይ ዳዶ መጣች፤ የታንከራችን ጠባቂ ናት፣ ቁልፉን የምትይዘው፣ ወረፋ የምታስይዘው፣ ውሃው ላይ መድኃኒት የምትጨምረው እሷ ናት። ጀሪካን አንጠልጥላ ጽሑፉ ምን ይላል አለች። የውሃ መድኃኒት ተብሎ የተሰጣት ነው፣ ሽታው ግን እንደ ወትሮው አልሆነላትም። መድኃኒት ነው ተባለች፤ አመስግና ሄደች። የአባ ሊበን ማመልከቻ ሦስት ገጽ ሆነ፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። መርቀውኝ ነው የሄዱት።

ጥር 26

በሩጫ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እያስመለሰ ነው። የጎረቤቴ የሀቢባ ልጅ ኢብሳ አልነቃ ብሎ በባጃጅ ሆስፒታል ተወሰደ። ታንከሩ ሥር ፍየሎች ተዘርግተዋል። ውሃው ነው ይላሉ። የኛ በርሜል ቀደም ብሎ የተቀዳ ነበር፤ ከአዲሱ አልጠጣንም። ቢሆንም ደፋሁት።

ኢብሳ አምስት ዓመቱ ነው። ትናንት ጠዋት በሬ ላይ ቆሞ ፎቶ ኮፒው ሲበራ እጁን አንሥቶ ብርሃኑን ሊይዝ ይሞክር ነበር።

ጥር 27

ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነው! ልጅ ይዞ የሚሮጥ ሕዝብ መሀል ቆመው በስልክ የሚቀርጹ አሉ።

ጀሪካኑን አገኙት። በስዋሂሊ «ዳዋ ያ ኩፔ» ይላል፤ የመዥገር መድኃኒት። ከብት የሚታጠብበት መርዝ። የውሃው መድኃኒትና የከብቱ መድኃኒት በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ዓይነት ነጭ ጀሪካን መጥተው አንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ተደረደሩ። ሀልካኖ ከዚያ አንዱን አንስቶ ለዳዶ ሰጣት። ውሃው ሲነጣ፣ ሲሸት፣ ሰዉ መድኃኒቱ በዛበት እንጂ ደኅና ነው ብሎ ጠጣው።

ልጅ የሚያድነውን መድኃኒት እንላለን፣ ነፍሳት የሚፈጀውንም መድኃኒት እንላለን። በስዋሂሊ ሁለቱም ዳዋ ነው፤ በቦረና አፍም ሁለቱም ቆሪቻ ነው። ሦስት ቋንቋ ተማክሮ መርዝን ስሙን ነፈገው። ይሄ ባይሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። ቋንቋው ነው እንጂ ጥፋተኛው!

ደግሞስ ያ መጋዘን ያዥ ምን ይሠራል? ሀልካኖስ ዓይን የለውም? ያን ያህል ሰው እጅ ያለፈ ጀሪካን እንዴት አንድ ሰው አያነበውም?

አባ ሊበን ጎልቦ ተመልሰዋል። ግመሎቹን ይዘው ርቀዋል ይባላል፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም።

ጥር 29

ቺፉ ባራዛ፣ የሰፈር ስብሰባ፣ ጠራ። ሰዉ ግራሩ ሥር ተሰበሰበ፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በአንድ ወገን። እኔ ከኋላ ቆምኩ፤ ፀሐዩ አይመቸኝም።

የመጋዘኑ ሰው ተነሥቶ እኔ የታዘዝኩትን ነው ያወጣሁት አለ። መኪናውን የላኩት ሰዎች ተወካይ እኛ ለይተን ነው የላክነው አለ። ሀልካኖ ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ድምፁን አለዘበ። ያችኑ «ተፈጥሯል» በስዋሂሊ ደገማት፤ «ኢሜቶኬያ»፣ ሆኗል፣ ደርሷል። ከዚያ «ፖሌ ሳና» አለ። ፖሌ! በዚህ አገር ፖሌ የማይል የለም። እግርህን የረገጠህም ፖሌ ይልሃል፣ ሲረግጥህ ያየም ፖሌ ይልሃል። አዘንኩልህ ማለት ነው እንጂ አጠፋሁ ማለት አይደለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ ዞሮ ዞሮ እከኩ ከሁሉም ደካማዋ ላይ አረፈ።

ዳዶ ተነሣች። «እኔ ጠይቄ ነው የጨመርኩት» አለች።

«ማንን?» ብለው ጮኹባት።

ሰዉን በዓይኗ ፈለገች፤ ከፊት እስከ ኋላ። ከዚያ አንገቷን ደፋች። ለምን አትናገርም? አፍ የላትም? ዝምታዋ ከሁሉ ይልቅ አናደደኝ። ሰው ራሱን መከላከል ካልቻለ ማን ይከላከልለታል?

ከጎኔ የቆሙ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ከድንበር ማዶ የመጣች አይደለች?» «ሆን ብላ ቢሆንስ?» «ማን ያውቃል፣ ማን ልኳት!» እኔም ከማዶ ነው የመጣሁት፣ በልጅነቴ፣ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ። ያ ማንንም ትዝ አላለውም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ፖሊስ ዳዶን ይዞ ሄደ። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለሀልካኖ ሰጠችው።

የካቲት 2

ፖሊስ ጣቢያ ለአስተርጓሚነት ጠሩኝ። አማርኛ ሲያጋጥማቸው ሁልጊዜ እኔን ነው የሚጠሩት፤ አዲስ ነገር የለውም። ዳዶ ቦረንኛ አፏን የፈታችበት ነው፣ ግን ቦረንኛ የሚያውቀው ፖሊስ የሀልካኖ አማች ነው። ስለዚህ «በአማርኛ ልናገር፣ እትዬ ሮዛ ይተርጉሙልኝ» ብላ ራሷ ጠየቀች።

ቃሏን የተቀበለው ፍራንሲስ ነው፤ ከመሀል ኬንያ የመጣ፣ ጨዋ፣ አማርኛም ቦረንኛም የማይሰማ ወጣት ፖሊስ።

«መርዙን ለምን ጨመርሽ?»

ዳዶ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። «መድኃኒት ነው ብለው ነገሩኝ» አለች።

እኔን ያየችኝ አስተርጓሚዋ ስለሆንኩ ነው። ሰው የሚያየው የሚሰማውን ሰው ነው።

«ዋሊኒያምቢያ» አልኩ። ፍራንሲስ ጻፈ።

«እነማን ናቸው የነገሯት?»

ጠየቅኋት። «ያውቃሉ» አለች፣ አሁንም ዓይኗን ሳትነቅል።

«ዋናጁዋ» አልኩ፤ ያውቃሉ፣ እነሱ ያውቃሉ። ፍራንሲስ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እነሱ፣ እነሱ። ሁልጊዜ እነሱ» አለና ወረቀቱን አስፈረማት። በአውራ ጣቷ ፈረመች።

እዚህ ላይ የምጽፈው ማንም እንዳይሳሳት ብዬ ነው። «ነገሩኝ» የብዙ ቁጥር ነው፤ ማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ይናገራል። በስዋሂሊ ብዙ ሰዎች ሲሆኑ በዋ ይጀምራል፣ ዋሊኒያምቢያ። አንድ ሰው ቢሆን በአ፣ አሊኒያምቢያ ይባል ነበር። እርግጥ አማርኛው ለአክብሮትም ይሆናል፤ እነሱም ነገሩኝ፣ እሳቸውም ነገሩኝ፣ እርስዎም ነገሩኝ፣ ቃሉ ያው አንድ ነው። ግን እኔ አስተርጓሚ ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። የሰማሁትን ተረጎምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቃል ተሳሳተች ተብዬ አላውቅም።

ስወጣ ፍራንሲስ በር ድረስ ሸኘኝ። «አሳንቴ ሳና፣ ማማ። ያላንቺ ምን ይውጠን ነበር» አለኝ።

የካቲት 5

የዳዶን አጥር ነቅለው ለማገዶ ወሰዱት። በሯን ደግሞ ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ በሩም «ተወስዷል» ነዋ! ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ የምርመራ ቀን ሰጠው። ዋስ የሚሆናት ሰው ጠፋ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያጠጣቻቸው ሰዎች አንድ ዋስ አጡላት።

ውሃ ልጠጣ አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ግፊቱ ይሆናል።

አባ ሊበን እስካሁን አልመጡም። ይቆዩ።

የካቲት 9

ዛሬ ከሻሮን ጋር ተጣላሁ።

ከኔ ሱቅ ጎን ስልክ ትጠግናለች። የዚያን ጀሪካን ፎቶ ሞያሌ ውስጥ ያልያዘው ስልክ የለም። እሷ ደግሞ አዲስ ነገር ልታሳየኝ ብላ ስልኳን ፎቶው ላይ ደገነችው፤ ስልኩ በአማርኛ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ ነው። «የመዥገር መድኃኒት። ለከብት እጥበት ብቻ። ከመጠጥ ውሃ ይራቅ።»

«አየሽ እማ? አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነብላት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለች።

ጮህኩባት። «ስልክሽ ደግሞ ነገ ቢሳሳት ማንን ልታስሩ ነው? ለስልኩ ካቴና ልታጠልቁለት ነው? እናንተ ማሰቡንም ማንበቡንም ለማሽን አስረክባችሁ ስታበቁ ጥፋቱን ለማን ልታስረክቡ ነው?»

ሻሮን ግን እኔን አትመስልም፤ ስትናደድ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «አሁንስ ማንን አሰሩ?» አለችኝ።

ፊቴን ወደ ኮምፒውተሬ አዞርኩ። ልታስቀኝ ፈልጋ መሰለኝ «ይሄ እኮ የእጅ ጽሑፍም ያነባል፤ ደብተርሽን ላንብበው?» ብላ ስልኳን ወደ ጠረጴዛው አዞረች። ከእጇ መንጭቄ ወረወርኩት። መስታወቱ ተሰነጠቀ። ደብተሩን አሁን ከባዶ ወረቀት ካርቶኖች ሥር ቀብሬዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው በሩን ዘግቼ ነው።

ግን እውነቴን ነው የተናገርኩት። የሰው ልጅ የሚጠፋው በቦምብ ነው ይላሉ። በቦምብ አይደለም። እያንዳንዱ ግማሽ መስመር እያነበበ፣ ግማሽ እየሰማ፣ የቀረውን ለሚቀጥለው ሰው እያሳለፈ ነው የሚጠፋው። መኪናው ለመጋዘኑ፣ መጋዘኑ ለሀልካኖ፣ ሀልካኖ ለዳዶ። የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ለማሽኑ ያሳልፉታል፤ ማሽኑ የሚያሳልፍለት ሰው የለም፣ ስለዚህ መሬት ላይ ይወድቃል። ከመካከል ቆም ብሎ «ይሄ ነገር ሽታው ልክ አይደለም፣ ልጠይቅ» ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሱንም አሰሩት።

የካቲት 14

ኢብሳ ከሆስፒታል ወጣ። እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሞቹ ይሻለዋል ብለዋል። ሀቢባ የሕክምና ወረቀቶቹን ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ልጁ ቀሚሷን ይዞ ቆሞ ማሽኑ ሲበራ አየው። እጁን አላነሣም።

«ያቺን ሴት አላህ እጇን ይሰብረው» አለች ሀቢባ፣ እያለቀሰች።

«አሜን» አልኩ።

አሜን! ከአፌ ስትወጣ ሰማኋት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ወረቀቶቹን ኮፒ አድርጌ ገንዘቧን አልቀበልም አልኳት። እጄን ስማ ሄደች። ከሄደች በኋላ እጄን ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ። በዚህ በውሃ ችግር ጊዜ አንድ ጆግ ውሃ በእጄ ላይ አፈሰስኩ።

የካቲት 19

አባ ሊበን መጡ።

ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ የፈራሁት ነው። በሩ ላይ ከነዱላቸው ቆመው አየኋቸው። ከጎልቦ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት፤ አቧራው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ወሬውን የሰሙት ጉድጓድ ላይ፣ ግመል የሚያጠጡ ሰዎች ሲያወሩ ነው። ግመሎቹን ለልጃቸው ትተው ተነሡ።

ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰውዬ ቁጭ ብለው፣ ትንሽ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፤ ያ ጥፋት የኔ ነው።»

አልገባኝም።

«ያቺ ልጅ ስትገባ እኔ ነበርኩ እዚህ የቆምኩት። ሀራካ፣ ሀራካ፣ ቢሮ ይዘጋል አልኩሽ። አንቺ ሰው አክባሪ ነሽ፤ ለኔ ብለሽ ቸኮልሽ። ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይንሽን ሳታነሺ፣ እንዲህ በጎን አየሽና መድኃኒት ነው አልሻት። እኔ ባላጣድፍሽ ሁለተኛውን ቃል ታነቢ ነበር። ለልጅ ወረቀት ብዬ የሰው ልጅ ልገድል! ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ዝም ይበሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በእውነት ጮህኩ። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም።

ደንግጠው አዩኝ። እኔም መሬት አየሁ። ፊደል ያልቆጠሩ፣ ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ ሰውዬ፣ «ቶሎ በይ» ስላሉ ብቻ ጥፋት ሊሸከሙ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ በእግራቸው መጡ። እኔ ከጣቢያው ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነኝ ያለሁት።

ሥራዬን እስቲ ልየው፤ ሃያ አምስት ቀን ሀልካኖን ሰድቤ፣ መጋዘን ያዡን ሰድቤ፣ ቋንቋ ሰድቤ፣ ስልክ ሰድቤ፣ የታሰረችዋን ሴት ለምን አትናገርም ብዬ ሰድቤያለሁ። በማን ስናደድ እንደከረምኩ ዛሬ ገባኝ።

ለአባ ሊበን ወተት አስመጣሁላቸው። ነገ የትም አይሂዱ አልኳቸው። አንድ ቀን ይስጡኝ አልኳቸው።

የካቲት 20

ደብተሩን ከካርቶኑ ሥር አውጥቼ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። «መድኃኒት ነው ተባለች» ይላል። ተባለች! በዚያው ገጽ፣ አሥር መስመር ከፍ ብሎ፣ ሀልካኖን «ማን ፈጠረው?» ብዬ ሳፋጥጠው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። ብዕሩም ያመልጣል። ያኔ እኮ ገና ማንም አልታመመም፤ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። ከወዲሁ፣ በልማድ፣ ራሴን ከአረፍተ ነገሩ አውጥቼው ነበር።

ሰርዤ ጻፍኩት፦ መድኃኒት ነው አልኳት።

የቀረውንም ልጻፈው። ጀሪካኑን ወደ እኔ አዙራ ያዘችው። ዳዋ የሚለው ቃል ትልቅ ነበር፣ ያ ኩፔ የሚለው ከሥሩ ነበር፣ አውራ ጣቷ ጫፉን ሸፍኖት ነበር። እጅሽን አንሺ ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አላልኩም። ልክ ነው እንዴ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ «መድኃኒት ነው አልኩሽ፣ ሂጂ!» አልኳት። ስትወጣ «ይስጥልኝ እትዬ» አለች።

ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ስህተት አልነበረም። እዚያ አውቄ ነው። አንዲት ዋ ውስጥ ተደበቅሁ።

ለሻሮን ነገርኳት። የተሰነጠቀውን ስልክ እያገላበጠች ሰማችኝ። «አውቅ ነበር» አለች።

«ስልኩ ነው የነገረሽ?»

«ከባራዛው ቀን ጀምሮ ውሃ ስትጠጪ አይቼሽ አላውቅም፣ እማ።»

የካቲት 21

ራሴ ልሄድ ስል ከጣቢያ ጠሩኝ። ፋይሉ ነገ ወደ ፍርድ ቤት ስለሚሄድ ቃሏ ይነበብላት፣ ተርጉሚ አሉኝ። አባ ሊበን ተከትለውኝ መጥተው ደጅ ተቀመጡ።

ዳዶ ከስታለች። ሻሿ የምን ቀለም እንደነበረ አይለይም። ሰላም አልኳት፤ በአንገቷ መለሰችልኝ። ፍራንሲስ በስዋሂሊ እያነበበ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩላት። እዚያ ቃል ላይ ደረስኩ።

«‹ሰዎች ነገሩኝ› ብለሻል ይላል» አልኳት።

ቀና አለች። «ሰዎች አላልኩም» አለች። «ነገሩኝ ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

ፍራንሲስ ምን አለች አለኝ።

«ኡሊኒያምቢያ» አልኩ። በኡ፤ አንተ ነገርከኝ፣ አንቺ ነገርሽኝ ማለት ነው።

እስክሪብቶው ቆመ። «ሚሚ? እኔ? እኔ መቼ ነው የነገርኳት? ይቺን ሴት ከዚህ ጣቢያ ውጭ አይቻት አላውቅም!»

«ሲ ዌዌ» አልኩት። «አንተ አይደለህም። ሚሚ።»

«ማማ፣ አንቺ የሷን ቃል ብቻ ተርጉሚ።»

«የሷን ቃል ተርጉሜ ጨረስኩ። ይሄ የራሴ ነው፤ በሌላ ወረቀት ጻፈው።»

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ዳዶን አየ። ዳዶ ስዋሂሊ አትሰማም፣ ግን ሚሚ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። አፏን በሻሿ ሸፈነች። ፍራንሲስ አዲስ ወረቀት አወጣ፤ ጨዋነቱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። «ተነሺ» አለኝ፣ «እዚያ ተቀመጪ።» ከአስተርጓሚዋ ወንበር ተነሥቼ ዳዶ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ስሜን ጠየቀኝ፤ ጣቢያው አሥራ ሁለት ዓመት የሚያውቀውን ስም እንደ እንግዳ ተናገርኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጀሪካኑን፣ አውራ ጣቷን፣ ዋን።

መጋቢት 29

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ትናንት ሌሊት ዘነበ፤ ቀዩ አፈር እስከ መንገዱ ወርዷል።

ዳዶ በማግስቱ ተፈታች። እኔ በአባ ሊበን ዋስትና ደጅ ነኝ፤ ክሴ ገና ነው፣ በቸልተኝነትም በሐሰት ትርጉምም። ጣቢያው ሌላ አስተርጓሚ ይዟል። ደንበኛዬ ግማሹ ቀርቷል፣ የሚመጣውም ደብዳቤውን ካስጻፈ በኋላ ሌላ ሰው ጋ ወስዶ ያስነብባል። ሀቢባ ሳልፍ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ብቻ ቆማ «አፍሽን ነበር የማምነው፤ አሜን ያለውን አፍ» አለችኝ። ኢብሳ አሁን ይሮጣል፣ በኔ በር ግን እንዳያልፍ ተከልክሏል። ተገቢ ነው አልልም፤ ያማል። ግን ተገቢ ነው።

ሀልካኖም መጥቶ ነበር። ኮሚቴው ለሰፈሩ የሚያነበው ጽሑፍ ፈልጎ፣ «እንግዲህ አንቺም አምነሻል፤ ‹በማማ ሻሮን ስህተት ተፈጥሯል› ብለሽ ጻፊው» አለኝ። ለኔ ሲሆን ባለቤት ተገኘለት! «የኔን ‹አጠፋሁ› ብዬ እጽፋለሁ፣ አንተ የራስህን መስመር ንገረኝና ከሥሩ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እስካሁን አልተመለሰም። ንዴቴ አልበረደም፤ ሐኪሙ ቢለካኝ ይደነግጣል። ብቻ አሁን ስናደድ ከራሴ ጀምሬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዳዶ መጣች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፤ ሥራውን የሚወስድ ሰው ስለጠፋ ለምነው ነው የመለሷት። አዲስ ጀሪካን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ጠጋ አሉ።

«ሁሉንም አንብቢልኝ» አለች።

አነበብኩላት። ስሙን፣ ለምን እንደሚውል፣ ለስንት ሊትር ስንት ክዳን እንደሚጨመር፣ ከሕፃናት ይራቅ የሚለውን፣ የተሠራበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ እጀታው ሥር የተጻፈውን የፋብሪካ አድራሻ ሳይቀር። ጀሪካኑን አዙሬ ጀርባውን አነበብኩ። ሰምታ ስትጨርስ አንስታ ጎን ወዳለው ወደ ሻሮን ሱቅ ገባች፤ በስልኩም አስነበበችው። አልተቀየምኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ተቀይሜያለሁ።

ስትመለስ በሬ ላይ ቆመች።

«ያን ቀንም እንዲህ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለችኝ፤ ጀሪካኗንም ተሸክማ ወደ ታንከሩ ሄደች።

ብትነግሪኝ ነው ያለችው። ቢነግሩኝ አላለችም።